የአበባ ማስቀመጫ ውሃ

እንግሊዝ ውስጥ ስታፎርድ በምትባል ከተማ፣ ሆስፒታል የተኙ ሕመምተኞች ከጥም ብዛት የአበባ ማስቀመጫ ውሃ ጠጡ ሲባል የሰማን ጊዜ “ኧረ ተዉ!” ነበር ያልነው። እንግሊዝ እኮ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። የሆስፒታሉ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2006 10 ሚሊዮን ፓውንድ ለመቆጠብ ተነሳ። ቁጠባው ነርሶቹ ላይ አረፈ። ደወል ቢደወል የሚመጣ የለም፤ ምግቡ በሽተኛው እጅ ከማይደርስበት ተቀምጦ እንዳለ ይነሳል። ድንገተኛ ክፍል ማን ይቅደም የሚለውን የሚወስኑት የሕክምና ትምህርት የሌላቸው እንግዳ ተቀባዮች ነበሩ። ወረቀቱ ግን ያማረ ነበር። በየካቲት 2008 ሆስፒታሉ በራሱ የመተዳደር ማዕረግ ሁሉ ተሰጠው!

ሔሊን ዶኔሊ የተባለች ነርስ በኋላ እንደመሰከረችው፣ ሕመምተኛ ከ4 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ የሚለው ግብ የተሟላ እንዲመስል ሰዓት እየቀየሩ ይጽፉ ነበር። እኛም ጋዜጠኝነት ስንማር “ቁጥር አምጡ” እየተባልን ነው ያደግነው፤ ይቺን ስናነብ ትንሽ አፈርን።

ካፌ የነበራት ጁሊ ቤይሊ እናቷን በ2007 እዚያ አጣች። ሌሊቱን አጠገባቸው ወንበር ላይ እያደረች ያየችውን አይታለች። አቤት ብላ ሰሚ ስታጣ እንደሷ የተጎዱ ቤተሰቦችን ካፌዋ ሰበሰበች።

የጤና ተቆጣጣሪው ኮሚሽን በመጋቢት 2009 ጉዱን አወጣው። ቀጥሎ ሮበርት ፍራንሲስ የተባሉ የሕግ ሰው አጣርተው በ2010 ሪፖርት አቀረቡ። ይሄኛው ግን አብዛኛው በዝግ የተሰማ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ በሆነው ላይ ብቻ ያተኮረ ነበር። ቤተሰቦቹ አልበረዱም፤ ያን ሁሉ ዓመት ተቆጣጣሪ የተባለ ሁሉ የት ነበር አሉ። መንግሥት እሺ አለና እኚሁ ፍራንሲስ በግልጽ ችሎት 139 ቀን ምስክር ሰሙ። በየካቲት 2013 290 ምክረ ሐሳብ አቀረቡ። በ2014 ሆስፒታል ጉዳት ሲያደርስ ለሕመምተኛው እውነቱን እንዲናገር የሚያስገድድ ደንብ ወጣ።

ጋዜጦች የሞተውን እስከ 1,200 አድርሰውት ነበር። ቁጥሩ የስታቲስቲክስ ግምት ነው፤ ብዙ አከራክሯል። የአበባ ማስቀመጫው ግን ግምት አልነበረም።

ጁሊስ? ከተማው ውስጥ “ሆስፒታላችንን ልታዘጋብን ነው” ያሉ ሰዎች ተነሱባት። የእናቷ መቃብር ሳይቀር ተበላሸ። በ2013 ስታፎርድን ለቃ ሄደች።