የፊልም ክርክርና የጎንደር «አንድም»

ትርጉሙ ከላይ ተንሳፎ የማይገኝ ሥራ ተከራካሪ አያጣም። ክርክሩንም የሚያነሣሡት ብዙ ጊዜ በሂስ ሙያ የሚተዳደሩ ሰዎች አይደሉም፤ መምህሩ፥ ተማሪው፥ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ፥ በጠቅላላው ከሲኒማ ቤት ከወጣ በኋላ ያየው ነገር አልለቀው ያለ ሰው ሁሉ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሹመትም ሆነ ዲፕሎማ ሳይጠየቅ ፍርዱን ይሰጣል፤ ባልንጀራውም ተነሥቶ ይቃወመዋል። ይህ ልማድ ከፊልም ጋር ተጭኖ ከባሕር ማዶ የመጣ የሚመስላቸው አሉ። እኛ ግን በአገራችን፥ ይልቁንም በጎንደር፥ ቀደም ብሎ ሥርዓት የተበጀለት መሆኑን ስለምናስብ ሁለቱን አቀራርበን ልንመለከት ወደናል።

አስቀድመን ከፊልሙ እንጀምር። «2001 የጠፈር ኦዲሴ» የሚባለው የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም በመጀመሪያ ለሕዝብ የታየው በዋሽንግተን ከተማ መጋቢት 24 ቀን 1960 ዓ.ም. ነው። ያዘጋጀው ስታንሊ ኩብሪክ ሲሆን ድርሰቱን የጻፈው ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከአርተር ክላርክ ጋር ሆኖ ነው። ያን ጊዜ የሰው እግር ጨረቃን ገና አልረገጠም ነበር፤ የረገጠው በሐምሌ 1961 ዓ.ም. ነውና። ፊልሙ ሲጀምር ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል አንድም የንግግር ቃል አይሰማበትም። ዝንጀሮ መሰል ፍጥረቶች በአንድ ጥቁር ጥርብ ድንጋይ ፊት ተደናግጠው ይቆማሉ፤ ከእነርሱም አንዱ አጥንት አንሥቶ መሣሪያ ያደርገዋል። ወደ ሰማይ የወረወረውም አጥንት በዐይን ጥቅሻ የጠፈር መርከብ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ሃል የተባለ የሚናገር ኮምፒዩተር አብረውት የሚጓዙትን ሰዎች ሲገድል፥ የተረፈው መንገደኛ በአንድ ነጭ ክፍል ውስጥ ሲያረጅ፥ በመጨረሻም በጠፈር ላይ የሚንሳፈፍ ሕፃን ይታያል። ይህ ሁሉ ሲሆን ምን ማለት እንደ ሆነ የሚገልጽ ተራኪ የለም።

በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ከተመልካቹ ብዙው ሰለቸው፤ ጥሎ የወጣም ነበር። ኩብሪክም 19 ደቂቃ ያህል ቆርጦ አስወጣ። ዝነኛዋ አሜሪካዊት ሐያሲ ፖሊን ኬል ፊልሙን ክፉኛ ነቀፈችው። ይሁን እንጂ ወጣቶቹ እየተመላለሱ ያዩት ጀመር፤ አይተውም መከራከር ያዙ፤ ፊልሙን ለታላቅነት ያበቃው የእነዚህ ስም የለሽ ተመልካቾች ክርክር ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

የክርክሩ ጭብጥ ራሱ የሚያስገርም ነው። ሃል የገደለው ስለ ተበላሸ ነው ወይስ ሰዎች የጉዞውን ምሥጢር እንዲደብቅ ስላዘዙት? ክላርክ በዚያው ዓመት ያሳተመው መጽሐፍ ፊልሙ ዝም ያለበትን ብዙ ነገር ይገልጻል። ታዲያ መጽሐፉ በፊልሙ ላይ ፍርድ ሊሰጥ ይችላልን? አንዳንዱ «የደራሲው ቃል ነውና ያልቃል» ይላል፤ ሌላው «መጽሐፍ ሌላ፥ ፊልም ሌላ» ብሎ አሻፈረኝ ይላል። ደግሞም አንዳንድ ብልሆች ሃል የሚለውን ስም ሦስት የላቲን ፊደላት፥ ኤች፥ ኤ፥ ኤልን፥ አንዳንድ እርምጃ ወደ ፊት ቢያራምዷቸው አይ፥ ቢ፥ ኤም ሆነው የታላቁን የኮምፒዩተር ኩባንያ ስም አገኙ። ክላርክ በአጋጣሚ የሆነ ነው እንጂ አላሰብነውም ብሎ ቢክድም አልሰሙትም። ፊደል እየፈቱ ወርቅ መፈለግ ለቅኔ ተማሪ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ስለ ቅኔማ ብንጀምር ወረቀታችን ያልቃል። ኩብሪክ ግን የፊልሙን ትርጉም ግለጽልን ቢሉት እምቢ አለ።

አሁን ወደ ጎንደር እንመለስ። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማዋን ከቆረቆሩ ወዲህ ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ ብቻ ሳትሆን የጉባኤ ቤት ከተማም ሆነች። ከስሜን፥ ከወገራ፥ ከደምቢያና ከበለሳ፥ ከሩቅም አገር፥ ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ ያነገተ ተማሪ ቁራሽ እየለመነ ይጎርፍባት ነበር። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ የመጻሕፍት ትርጓሜ ሲሆን፥ እርሱም ብሉይ፥ ሐዲስ፥ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብሎ በአራት ጉባኤ ይከፈላል። አራቱንም የጨረሰ ዐራት ዐይና ይባላል።

የትርጓሜው አካሄድ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የግዕዙ ንባብ ይነበባል፤ ቀጥሎ ነጠላ ትርጉሙ በአማርኛ ይነገራል፤ ከዚያ በኋላ «አንድም» እየተባለ ሌላው ፍቺ፥ እንደ ገና ሌላው ፍቺ ይዘረዘራል። ሁለተኛው ፍቺ ስለ መጣ የመጀመሪያው አይሰረዝም። ሁለቱ ቢጋጩም እንኳ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ተማሪውም ሁሉንም በቃሉ ያጠናል። በሌላው ዓለም ተከራካሪው የባላጋራውን ሐሳብ ለማጥፋት ሲደክም፥ የጎንደር መምህር የባላጋራውን ሐሳብ ለደቀ መዝሙሩ በቃል ያስጠናዋል። ይህን የመሰለ የክርክር ጨዋነት በቀላሉ የሚገኝ አይደለም።

ይህን መንገድ ለፊልሙ ብናውለው እንዲህ ይሆናል። ጥቁሩ ጥርብ ድንጋይ ምንድር ነው ቢሉ፤ ከሌላ ዓለም የመጣ የማስተማሪያ መሣሪያ ነው፤ ባዩት ጊዜ አጥንት አንሥተዋልና። አንድም ዕውቀት ራሱ ነው፤ መሣሪያው ወዲያው ለመግደያ ውሏልና። አንድም የሲኒማው ሰሌዳ ነው፤ አግድም ቢያስተኙት ተመልካቹ ተቀምጦ የሚያየውን ይመስላልና። ሦስቱንም የሚሉ ተመልካቾች አሉ። ልዩነቱ ግን እነዚህ በሦስት ጎራ ተከፍለው መነቃቀፋቸው ነው።

ነገሩን አሳምረን ብቻ ልንተወው አይገባንም። በጉባኤ ቤት «አንድም» የሚለው ያሰኘው ሰው ሁሉ አይደለም፤ ከመምህር ወደ መምህር የወረደ መሆን ነበረበት፤ አዲስ ሐሳብ ያመጣ ተማሪ መልሱ ተግሣጽ ሊሆን ይችላል። የፊልሙ ተከራካሪ በዚህ በኩል ነፃ ነው፤ ነፃነቱም ፊልሙን እስከ መጨረሻው ሳያይ እንዲፈርድ ያደፋፍረዋል። በጎንደርም ቢሆን ሁሉ በሰላም አላለፈም። በ18ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩት መምህር ኤስድሮስ የቀደመውን ትርጓሜ መርምረው አሻሻሉት ይባላል። የእርሳቸውን መንገድ የያዙት ታች ቤት፥ በቀደመው የጸኑት ላይ ቤት ተባሉ። በ20ኛው መቶ ዘመን በማተሚያ ቤት ታትሞ የወጣው ትርጓሜ አብዛኛው የታች ቤት ነው። የላይ ቤቱ በጥቂት መምህራን ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ስለ ቆየ ከመምህራኑ ጋር ብዙው ወደ መቃብር ወርዷል። እርስ በርሱ የሚቃረነውን ፍቺ ሁሉ ጎን ለጎን ያኖር የነበረ ትምህርት አንዱን ሙሉ ቤት ማጣቱ እጅግ ያሳዝናል።

ለጎንደር ሲኒማ ያመጡት በወረራው ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም.፥ ከተማዋን የያዙት ጣልያኖች ናቸው። ከፋሲል ግንብ ብዙም ሳይርቅ በፒያሳ የሠሩት ሲኒማ ቤት ለዚህ ምስክር ነው። ወራሪው ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ በ1938 ዓ.ም.፥ በዚችው ከተማ ኃይሌ ገሪማ ተወለደ። አባቱ ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ። ኃይሌም በአሜሪካ ተምሮ በ1968 ዓ.ም. «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም ለዓለም አሳየ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ «ጤዛ» በቬኒስ የፊልም በዓል የዳኞችን ልዩ ሽልማት አገኘ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በዋጋዱጉ የመጀመሪያውን ሽልማት ወሰደ። «ጤዛ» የጠፈር መርከብ የለበትም፤ ነገር ግን ጊዜን እየቆራረጠ፥ ሕልምን ከትዝታ እየቀላቀለ ስለሚሄድ፥ ተመልካቹን እንደዚያኛው ፊልም ያከራክራል። ጀርመን አገር የተማረው አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ ወደ ጣና ዳር መንደሩ ይመለሳል፤ ወጣቶቹ በግድ ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል።

ስለዚህ ፊልም ሲከራከሩ ከሰማናቸው ሰዎች አንዱ፥ ያንን ዘመን በዕድሜው ያየ፥ ጤዛ የተባለው ፀሐይ ሳይሞቀው የረገፈው የተማረ ትውልድ ነው ይላል። በደርግ ጊዜ ገና ያልተወለደው ወጣት ደግሞ፥ ጤዛ በማለዳ ሣር ላይ የሚታይ የልጅነት ትዝታ ነው፤ አንበርብር የተመለሰው እርሱን ፍለጋ ነው ይላል። ሽማግሌው «አንተ ምን አየህና!» ቢለው፥ ወጣቱ «ፊልሙን አየሁ» ብሎ መለሰለት። ሁለቱም አልተረታም፤ እኛም የአንዱን ከሌላው አላስበለጥንም፤ ሁለቱንም በዚህ ወረቀት ላይ አስፍረናቸዋል።