ብርሃን፣ ድንጋይና የቆምንበት ቦታ

ደብረ ታቦር ስሟን ያገኘችው ከብርሃን ተራራ ነው። ነሐሴ 13 ቀን ልጆች ጅራፍ የሚያጮኹለት፣ እናቶች ሙልሙል የሚጋግሩለት በዓል የሚጠራው በዚሁ ስም ነው፤ «ቡሄ» የሚለውንም ቃል ሊቃውንቱ ብራ፣ ገላጣ ብለው ይፈቱታል። «ፎቶግራፍ» የሚለው ከግሪክ የመጣ ቃልም ሲፈታ በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። በብርሃን ስም የተጠራችው ከተማ ግን በብርሃን ለመጻፍ አልታደለችም። የታሪኳ ትልቁ ምዕራፍ ካሜራ ሳይደርስበት አልፏል።

እስቲ ዘመኑን እናስታውስ። ከተማዋን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የቆረቆሯት ራስ ጉግሣ ናቸው። የየጁ ራሶች መናገሻ ሆና ቆየች፤ በ1842 እ.ኤ.አ. ራስ ዓሊና ደጃዝማች ውቤ ተዋጉባት። በኋላም ዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫቸው አደረጓት። በአጠገቧ ባለችው በጋፋት አውሮጳውያን ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች መድፍ ሠሩላቸው፤ ከሁሉ የሚገዝፈው፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴቫስቶፖል የተጠናቀቀው በ1859 ዓ.ም. ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋን በእሳት አጋይተው፣ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተጓዙ።

በዚያ ጊዜ ካሜራ ለሀገራችን ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። ሚሲዮናዊው ሄንሪ ስተርን በ1859 እ.ኤ.አ. ገደማ ይዞት ገብቷል፤ በ1862 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ግን ለአንባቢ የቀረበው በቅርጽ ሥዕሎች ነበር። ደብረ ታቦር ከተቃጠለች ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ካሜራቸውን ተሸክመው ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ መቅደላ ዘለቁ። መንገዳቸው በደብረ ታቦር በኩል አልነበረም፤ ቢሆንም ኖሮ የሚጠብቃቸው ዐመድ ነበር። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሞቱ በሕይወት ሳሉ የተነሡት አንድም የታወቀ ፎቶግራፍ አልተዉም። የልጃቸው የዓለማየሁ ሐዘንተኛ ፊት ግን በዚያው በ1868 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሀገር በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ተቀርጾ ቀረ። አንድን ሰው ወይም አንድን ከተማ ከምስል የሚያስቀረው የጥቂት ወራት ልዩነትና የመንገድ አቅጣጫ ብቻ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ ምን ያስረዳል?

ይህን ሁሉ ሳላሰላስል ነው ከዓመታት በፊት አንዲት አሮጌ ካሜራ ጥቁርና ነጭ ፊልም አጉርሼ ወደ ደብረ ታቦር ደጋ የወጣሁት። ቀትር ላይ ከአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጽር በር ፊት ለፊት ቆምኩ። ከበሩ ሥር ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«አባቴ፣ ለአንድ አፍታ ፈቀቅ ይበሉልኝ፤ በሩን ብቻ ነው የምፈልገው» አልኳቸው።

ተነሡ። ፈገግ ብለውም «ልጄ፣ በር ያለ ሰው ምን ይሆንልሃል?» አሉኝና ወደ ጥላው ሄዱ። እኔም አነሣሁ።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ሦስት ስሕተት አየሁ። የመጀመሪያው የአንጻር ስሕተት ነበር። በሩ ገዝፎ እንዲታይ ብዬ ከሥሩ ተጠግቼ ካሜራዬን ወደ ላይ ስላቀናሁት የበሩ ቋሚዎች ወደ ውስጥ አዘንብለው ወደ ኋላ የሚወድቁ መሰሉ። ራቅ ብዬ፣ በጎን ካለው ጉብታ ላይ ወጥቼ፣ የካሜራዬን ፊት ከግድግዳው ጋር ትይዩ አድርጌ ብይዝ ኖሮ ሕንጻው እንደ ቆመ ይቆምልኝ ነበር። ሁለተኛው የብርሃን ስሕተት ነበር። ቀለም ሲጠፋ የጽዱ አረንጓዴና የሣር ክዳኑ ቡናማ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ተዋሐዱ። በጥቁርና ነጭ ምስል ነገርን ከነገር የሚለየው ብርሃንና ጥላ ነው፤ የቀትር ፀሐይ ደግሞ ጥላን ትውጣለች። ጠዋት ወይም ማታ፣ ፀሐይ ከጎን ስትመጣ፣ እያንዳንዱ ድንጋይ የራሱን ጥላ ይዞ ብቅ ይላል። ሌንሱ ላይ ቢጫ ማጣሪያ ቢደረግ ሰማዩ ጠቆር ብሎ ደመናው ይነጣል።

ሦስተኛው ስሕተት ግን በማጣሪያ የሚታረም አልነበረም። በሩ አራት ክንድ ይሁን አሥራ አራት ክንድ የሚናገር አንዳች ነገር በምስሉ ውስጥ የለም። የበሩ ልክ እኒያ ሽማግሌ ነበሩ። እኔው ነኝ ያስወጣኋቸው።

ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ፣ ከጉና ተራራ ማዶ፣ በጋይንት ምድር የምትገኘው ቤተልሔም ደግሞ ሌላ ትምህርት አላት። የቅዱስ ያሬድን ድጓ የሚማር ሁሉ ይህችን ደብር ያውቃታል፤ የድጓ ማስመስከሪያ ናትና። በ1955 እ.ኤ.አ. ከኦክስፎርድ ተመርቆ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ወጣቱ ቶማስ ፓከናም ወደዚያ ሲደርስ ከውጭ ያየው በየገጠሩ የተለመደውን ክብ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ነበር። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን በዚያ ክብ ጣሪያ ሥር በመካከለኛው ዘመን በተጠረበ ድንጋይ የታነጸ ባለአራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ተሸሽጎ አገኘ። በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ለዓለም አስነበበው። ዓለም «ተገኘ» አለ፤ ለዘመናት በውስጡ ሲቀድሱና ሲያዜሙ ለኖሩት ካህናት ግን ጠፍቶ አያውቅም።

ቅኔ ለሚወድ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሕንጻው ራሱ ሰምና ወርቅ ነው። ከውጭ የሚያነሣ ሰሙን ይዞ ይመለሳል። ወደ ውስጥ የገባ ደግሞ ወደ ኋላ ርቆ ሙሉውን የሚያይበት ቦታ ያጣል፤ ክቡ ግድግዳ ከጀርባው ነውና። ያለው ምርጫ ከፊሉን ማንሣት ነው፤ አንድ ማዕዘን፣ አንድ መቃን፣ በድንጋዩ ላይ ያረፈች አንዲት የብርሃን ዘለላ። የቅንብር ጥበብ እዚህ ላይ ትሕትና ይሆናል፤ ሁሉን እንዳላየን አምነን ያየነውን በሚገባ ማሳየት።

ሦስተኛው ሕንጻ ድልድይ ነው። ከደቡብ ጎንደር አንዳቤት ወደ ጎጃም ሞጣ በሚያሻግረው የዓባይ መልካ ላይ ሰባራ ድልድይ የሚባል አለ፤ የአካባቢው ትውፊት የዐፄ ፋሲልን ስም ያነሣለታል። በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ስለፈረሰ ገበያተኛው ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በገመድ ታስሮ፣ ከዚህና ከዚያ በሚጎትቱ ሰዎች ጉልበት፣ በገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ ይሻገር ነበር። ድልድዩን ብዙ ተጓዥ አይቶታል። አንድ ፎቶግራፍ ግን በአሜሪካው ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣና በ2001 እ.ኤ.አ. ኬን ፍራንዝ የተባለ የሕንጻ ተቋራጭ ዓይን ላይ ወደቀ። ሰውየው ዝም ብሎ ገጹን አልገለበጠም፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ድልድዩ ተጠገነ፤ በድሃ ሀገሮች የእግረኛ ድልድይ የሚሠራ ድርጅትም ከዚያ ተወለደ። በ2005 እ.ኤ.አ. ዓባይ ጥገናውን ሲወስደው በ2009 እ.ኤ.አ. በአቅራቢያው አዲስ ተንጠልጣይ ድልድይ ተዘረጋ።

ያ ፎቶግራፍ ባለቀለም ነበር። ቀለሙን ብናነሣበት ግን ምን ይጎድልበታል? ምንም። ሁለት የድንጋይ ጉማጅ፣ በመካከላቸው ባዶ፣ በባዶው ላይ የተወጠረ ገመድ፣ በገመዱ ላይ ሰው። ፎቶግራፍ አንሺዋ ኔቫዳ ዊር የጥንቱን ግንብ ውበት ብቻ ለማንሣት ብላ ሰዎቹን «ፈቀቅ በሉልኝ» ብትል ኖሮ የሚያምር የፍርስራሽ ምስል ታገኝ ነበር፤ ፍራንዝም ገጹን አድንቆ ያልፈው ነበር ብዬ እገምታለሁ። ጥቁርና ነጭ ምስል የሚያባብለን በዚህ ነው። ዛሬን ትናንት ያስመስላል፤ የሚኖርበትን ቤት የሞተ ቅርስ ያደርጋል፤ ሰው ሲወጣበት ደግሞ የባሰውን ያምራል።

በዓመቱ የታተመውን ምስል ይዤ ወደዚያች ቤተ ክርስቲያን ተመለስኩ። ሽማግሌው አርፈው ነበር። ልጃቸው መምጣቴን ሰምታ እየቸኮለች ደረሰች።

«ወንድሜ፣ አባዬን አንሥተዋቸው ነበር አሉ። ፎቶ የሚባል የላቸውም፤ እስቲ እንያቸው» አለችኝ።

ከቦርሳዬ ያወጣሁት በር ነበር። ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያም በጣቷ ከበሩ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ ነክታ፣ «እዚህ ጋ ነበር የሚቀመጡት» አለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ማንንም ሰው ፈቀቅ ይበሉልኝ ብዬ አላውቅም። ፈቀቅ የምለው እኔ ነኝ።