ፎቶ አንሺና ፎቶ ተነሺ፤ ከቤተ መንግሥት እስከ ፊልም ፌስቲቫል

በቋንቋችን «ፎቶ አንሺ» እና «ፎቶ ተነሺ» የሚሉት ቃላት ከአንድ ግስ የወጡ ናቸው። አንዱ ያነሣል፤ ሌላው ይነሣል። ታሪክ ግን ሁለቱን እኩል አላስታወሰም። የተነሺውን ስም፣ ማዕርግና ልብስ ጠብቆ ሲያቆይልን፣ የአንሺውን ስም ብዙ ጊዜ ጥሎታል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህ ልዩነት እንዴት እንደ መጣ፣ ደግሞም በፊልም ፌስቲቫል ላይ የሰው መልክ በሚያነሡ ባለሙያዎች ሥራ እንዴት እንደ ቀጠለ ነው። ዓመቶቹን የምንጽፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ከቀደሙት ምስክሮች አንዱ የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ፎቶግራፍ ነው። መቅደላ በወደቀች በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1860 ዓ.ም. ሐምሌ፣ ወላጆቹን ያጣው የሰባት ዓመት ሕፃን በእንግሊዝ አገር በዋይት ደሴት ላይ ተነሣ። አንሺዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ነበረች። ሕፃኑ አቀማመጡን የሚመርጥበት ሥልጣን አልነበረውም። የአንሺዋን ስም ግን ዛሬም እናውቃለን፤ ካሜሮን በሥራዎቿ ወረቀት ላይ ስሟን በእጇ የመጻፍ ልማድ ነበራትና።

በአገራችን ቤተ መንግሥት ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። በ1890ዎቹ መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ሆኑ። ልጆቻቸው ኃይጋዝና ቶርኮምም ሥራውን ወርሰው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አንሥተዋል። በዚህ ዓይነት ፎቶግራፍ ላይ ዙፋኑን፣ ዘውዱንና ካባውን የሚወስነው ተነሺው ነው። አንሺው ብርሃኑን አስተካክሎ ይጠብቃል። የተነሺው ፊት ኮስተር ማለቱም ከማዕርግ ብቻ የመጣ አልነበረም፤ የዘመኑ የመስተዋት ሰሌዳ ብርሃን የሚቀበለው በዝግታ ስለ ነበር ተነሺው ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነበረበት። የቦያጂያኖች ስም ሊተርፍ የቻለውም በቤተ መንግሥት ሹመት አማካይነት ነው።

እንግዲህ ከእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች አንድ ነገር እንረዳለን። የአንሺ ስም ከፎቶው ጋር በራሱ አይተላለፍም፤ የሚሸከመው ነገር ይፈልጋል። ያም ወይ ፊርማ ነው፣ ወይ ሹመት ነው።

ታላላቅ ጉባኤዎች ሲመጡ ችግሩ ጎላ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተፈጸመው የንግሥ በዓል ላይ ብዙ የውጭ አገር አንሺዎች ተገኝተው ነበር። ከእነርሱ ውስጥ የናሽናል ጂኦግራፊኩ ሮበርት ሙር በቀለም ያነሣቸው ሥዕሎች መጽሔቱ ስሙን ስላተመ ሊታወቁ ችለዋል። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በካዛንቺስ አጠገብ በሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ ሲመሠረትም የ32 መንግሥታት ተወካዮች በካሜራ ፊት ቆመዋል። ከተነሺዎቹ መካከል ንክሩማን፣ ናስርንና ሴኩ ቱሬን የማይለይ ተማሪ ጥቂት ነው። አንሺዎቹን የሚጠራ ግን ከዚያ ያነሰ ነው።

ሕጉ ስለዚህ ነገር ምን አለ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተነሺውን በግልጽ ጠብቋል። የማንም ሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ታዋቂ ሰው ወይም የሕዝብ ሥልጣን ያለው ሲሆን፣ ወይም ነገሩ በአደባባይ የተደረገ በዓል ሲሆን ግን ፈቃድ አያስፈልግም። አንሺውን በተመለከተ ይኸው ሕግ የሰጠው ጥበቃ ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ፎቶግራፉ ወይ ከአንድ ስብስብ ውስጥ መሆን፣ ወይ በመጽሐፍ መውጣት፣ ወይም የአንሺውን ስም ወይም አድራሻ መያዝ ነበረበት። ስለዚህ በጉርድ ፎቶና በሠርግ ፎቶ ጀርባ ላይ የምናየው የፎቶ ቤት ማኅተም ማስታወቂያ ብቻ አልነበረም፤ የሠራተኛው የባለቤትነት ማስረጃም ነበር። ማኅተም ያላረፈበት ነጠላ ፎቶ ከሕግም ከታሪክም ይወጣ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ለአንሺው ሰፋ ያለ መብት ሰጥቷል።

አሁን ወደ ፊልሙ እንለፍ። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» የወጣው በ1957 ዓ.ም. ነበር፤ «ጉማ» ደግሞ በ1966 ዓ.ም. ተከተለ። በዓለም ላይ የፊልም ፌስቲቫል ከዚያ በፊት ተጀምሯል፤ ቬኒስ በ1924፣ ካን በ1939፣ የዋጋዱጉው ፌስፓኮ በ1961 ዓ.ም.። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2000 ዓ.ም. በቬኒስ፣ በ2001 ዓ.ም. በፌስፓኮ ተሸለመ። «ድፍረት» በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2007 ዓ.ም. በካን ይፋ ዝርዝር ውስጥ የገባ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፊልም ሆነ። በአዲስ አበባም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው በ«ጉማ» ፊልም ስም የሚጠራ ሽልማት ይሰጣል። እንግዲህ የፊልም ሰዎቻችን መልክ የሚታወቅበት ታሪክ በከፊል የተጻፈው በእነዚህ ጉባኤዎች ላይ ነው።

በፌስቲቫል ላይ ሁለት ዓይነት የፎቶ ሥራ አለ። አንደኛው በቀይ ምንጣፍ ዳር የሚደረገው ነው፤ ብዙ አንሺዎች ተደርድረው ተነሺውን እየጠሩ ወደ እየራሳቸው ያዞሩታል። ሁለተኛው በሆቴል ክፍል ውስጥ ለብቻ የሚደረገው ነው። አንሺው መጋረጃውንና መብራቱን አስቀድሞ ያዘጋጃል፤ በረዳቱ ፊት ላይ ይሞክራል። ዳይሬክተሩ ወይም ተዋናይዋ ከጋዜጠኞች ጥያቄ ደክመው ይገባሉ። ለሥራው የሚሰጠው ጊዜ አንዳንዴ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም፤ በር ላይ ቀጣዩ ቀጠሮ ይጠብቃል። በምኒልክ ዘመን ተነሺውን ያቆየው መስተዋቱ ነበር፤ ዛሬ አንሺውን የሚያጣድፈው ቀጠሮው ነው። በዚህ ጥቂት ጊዜ ውስጥ የማያውቁትን ሰው አረጋግቶ እውነተኛ ፊቱን ማግኘት ከባድ ሙያ ነው።

አንዳንዶች «ፌስቲቫል የሚዘጋጀው ለፊልሙ ነው፤ የአንሺው ስም ምን ይጠቅማል?» ይሉ ይሆናል። ይህ አስተያየት በከፊል እውነት አለው፤ ተመልካች የሚመጣው አንሺውን ብሎ አይደለም። ለታሪክ ተመራማሪ ግን ሥዕልን ማን፣ መቼና ለማን እንዳነሣው ሳያውቁ ማስረጃ ማድረግ አይቻልም። በቤተ መንግሥት ታዝዞ የተነሣ ፊትና በሆቴል ክፍል ተጣድፎ የተነሣ ፊት የሚናገሩት የተለያየ ነው። የማሊው ማሊክ ሲዲቤም ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። በባማኮ ስቱዲዮ ከፍቶ የሰፈር ወጣቶችን ሲያነሣ የኖረ ሰው ነበር፤ ስሙ ከሥራው ጋር ተጠብቆ ስለ ቆየ በ1999 ዓ.ም. በቬኒስ ቢየናሌ የወርቅ አንበሳ ተሸለመ። በእኛም አገር አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም. የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ተራውን ለአንሺው ሰጥቷል፤ በዚያ በዓል ላይ የሚጠራው የአንሺው ስም ነው።

ጉዳዩ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። የዛሬ ፎቶ ማኅተም የሚያርፍበት ጀርባ የለውም፤ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ስሙ በመንገድ ይቀራል። የቀድሞውም ፎቶ ቢሆን በሰው ቤት ሣጥን ውስጥ ያለ ነው፤ ቤቱ ሲነሣ ሣጥኑም ይበተናል። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣልያን ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነበር፤ ከነባር ቤቶቹ ብዙዎቹ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ፈርሰዋል። ነዋሪው ወደ ተለያየ ሠፈር ሲሄድ አልበሙም አብሮ ሄዷል።

ስለዚህ ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ የፊልም በዓል አዘጋጆች፣ ጋዜጦችና የራሳችን የተማሪ መጽሔቶች ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር የአንሺውን ስምና ቀኑን ያትሙ። ሁለተኛ፣ የታሪክ ተማሪዎች በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከቡልጋሪያ ሠፈር እስከ ካዛንቺስ፣ የቤተሰብ ፎቶግራፎችን በባለቤቶቹ ፈቃድ ይመዝግቡ። ሲመዘግቡም ፊት ለፊቱን ብቻ ሳይሆን ጀርባውንም ይገልብጡ። የፎቶ ቤቱ ስም፣ አድራሻውና ቀኑ ያለው በዚያ ነው። ወጪው አንድ ደብተርና የጥቂት ቅዳሜዎች ድካም ነው፤ ካልተሠራ ግን የሚቀርልን ያለ አንሺ የተነሣ ሕዝብ ይሆናል።