ኢንሱሊን፣ የደም ስኳር እና የሰውነት ክብደት

ኢንሱሊን ከቆሽት የሚመነጭ ሆርሞን ሲሆን፣ ከምግብ የተገኘው ስኳር ከደም ወደ ጡንቻና ስብ ሕዋሳት እንዲገባ፣ ከፊሉም በጉበት እንዲከማች ያደርጋል። ኢንሱሊን ሲጎድል ስኳሩ በደም ውስጥ ተጠራቅሞ ከሽንት ጋር ይወጣል፤ ሰውነትም ጉልበት ለማግኘት የራሱን ስብና ጡንቻ ያፈርሳል። ሕመምተኛው እየበላ የሚከሳው በዚህ ምክንያት ነው።

የስኳር ሕመም የወፍራም ወይም የባለጸጋ ሕመም ብቻ ነው የሚለው አመለካከት በአካባቢያችን በተለይ ጎጂ ነው። በጎንደርና አካባቢው በተደረጉ ጥናቶች ኢንሱሊን ከሚወስዱት ብዙዎቹ ቀጫጭን የገጠር ነዋሪዎች ሆነው ተገኝተዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ሕመም በ2025 እ.ኤ.አ. «ዓይነት 5» ብሎ እውቅና ሰጥቶታል።

ስለሆነም ውኃ ጥም የበዛበት፣ ሽንት የሚያመላልሰውና ያለምክንያት የሚከሳ ሰው ሳይዘገይ በአቅራቢያው በሚገኝ ጤና ጣቢያ ሊመረመር ይገባል። ከ8 ሰዓት ጾም በኋላ የተለካ የደም ስኳር 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ሕመሙ መኖሩን ያሳያል።

ወደ ዘጌና ወደ ጣና ደሴቶች ገዳማት ለጸበል የሚጓዙ ሕሙማን ኢንሱሊናቸውን ይዘው ይሂዱ፤ ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጥ በቀናት ውስጥ ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ብልቃጡን ውኃ በማያስገባ ዕቃ አሽጎ፣ ውኃ በያዘ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ በጥላ ማስቀመጥ ይቻላል።