ገንፎ፣ እንገርና ካልሲየም፦ የወሊድ ልማድ ታሪክ በደብረ ታቦር ደጋ

በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ዙሪያ በሚገኙት የደቡብ ጎንደር ደጋዎች ወሊድ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ከቤት የማይወጣ የሴቶች ጉዳይ ነበር፤ ነፍሰ ጡሯ ወሯ ሲገባ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ተብላ ትመረቃለች፣ ምጧ ሲፋፋም ሴቶቹ የማርያምን ስም እየጠሩ ከኋላ ደግፈው ያንበረክኳታል፣ የልምድ አዋላጇም እጇን ቅቤ ቀብታ ሆዷን ታሻለች፣ ተልባም በጥብጠው ያጠጧታል። ይህ ልማድ አብዛኛውን ጊዜ የተመዘነው በእምነቱና በሥርዓቱ በኩል ሲሆን፣ ሥርዓቱ ሁሉ የሚዞርበት የማሕፀን ጡንቻ ግን ከታሪኩ ውጭ ቀርቷል። ከልማዱ የጠቀመውንና የጎዳውን ለመለየት ግን መጀመሪያ የጡንቻውን ጠባይ ማወቅ ያሻል።

ማሕፀን የተሠራው ለስላሳ ጡንቻ ከሚባለው፣ እንደ ክንድ ጡንቻ በፈቃድ ከማይታዘዘው ወገን ነው። በዕረፍቱ ጊዜ ከጡንቻው ሕዋስ ውጭ ያለው የካልሲየም ክምችት ከውስጡ በአሥር ሺህ እጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያሉት የካልሲየም በሮች ሲከፈቱ ካልሲየሙ ወደ ውስጥ ይጎርፍና ካልሞዱሊን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ ጡንቻው እንዲኮማተር ያደርጋል፤ ተመልሶ ሲወጣ ደግሞ ጡንቻው ይላላል። አማጪዋ በሁለት ምጥ መካከል የምታገኘው እፎይታ ይኸው ነው፤ ሕፃኑም በደንብ ደም የሚደርሰው በዚያ ፋታ ነው። (የጤፍ እንጀራ በካልሲየም የበለጸገ ቢሆንም፣ ሰውነት የደሙን ካልሲየም ከአጥንት እየወሰደ ጭምር በልክ ስለሚይዘው፣ ምጥ የሚበረታው በማዕድ ብዛት አይደለም።)

ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን፣ ኤስትሮን የሚባለው ዓይነቱ እ.ኤ.አ. በ1929 በአሜሪካዊው ኤድዋርድ ዶይዚና በጀርመናዊው አዶልፍ ቡተናንት እጅ ለየብቻ ነጥሮ የወጣ ሲሆን፣ በዚህ ሥራ ውስጥ ያለው ድርሻ ብዙ ጊዜ እንደሚባለው ቀላል አይደለም። በእርግዝናው ወራት ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ጡንቻውን ጸጥ ያሰኘዋል፤ በመውለጃው ሰሞን ግን ኤስትሮጅን አይሎ ሕዋሳቱ አንድ ላይ እንዲኮማተሩ የሚያገናኟቸውን መተላለፊያዎች ያበዛል፣ ኦክሲቶሲን ለተባለው የምጥ ሆርሞን መቀበያዎችን ያበረክታል። በላቦራቶሪ ብዙ ኤስትሮጅን በቀጥታ በጡንቻው ላይ ሲጨመር ግን ካልሲየም እንዳይገባ እስከ መግታት ይደርሳል። ስለዚህ ኤስትሮጅን ቤቱን አሰናጂ እንጂ በር ከፋች አይደለም ቢባል ይቀርባል፤ በሩን በማስከፈትና በሕዋሱ ውስጥ የተከማቸውን ካልሲየም በማስለቀቅ ዋናው ኦክሲቶሲን ነው።

ልማዱ የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ማሕፀኑ አጥብቆ ካልተኮማተረ በጡንቻው መካከል የሚያልፉት የደም ሥሮች አይዘጉምና እናቲቱ በደም መፍሰስ ልትሞት ትችላለች። ሕፃኑ ጡት ሲጠባ የእናቲቱ አንጎል ኦክሲቶሲን ያመነጫል፤ በአካባቢው ግን እንገሩ፣ ማለትም የመጀመሪያው ወፍራም ወተት፣ ለሕፃኑ አይበጅም ተብሎ እየታለበ ይደፋ፣ ሕፃኑም ቅቤ ይልስ ነበር። በዚህ ልማድ የተጎዳው ሕፃኑ ብቻ ተደርጎ ሲነገር ይሰማል፤ እናቲቱም በጣም በሚያስፈልጋት ሰዓት ከገዛ አካሏ የምታገኘውን መድኃኒት መነፈጓ ግን እምብዛም አይነሳም።

ማሕፀንን የሚያኮማትር ሌላ ነገር በደጋ እህል ውስጥም ነበር። ኤርጎት የተባለው የእህል ሻጋታ በአውሮፓ አዋላጆች ዘንድ ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ምጥ ማፋጠኛ የነበረ ሲሆን፣ በአጎራባቹ በወሎ ደጋ ግን በ1970 ዓ.ም. ገደማ የታወቀው በመርዝነቱ ነው፤ ከገብስ ጋር በተቀላቀለ ሲናር ላይ በቅሎ፣ የበሉትን ሰዎች የደም ሥር አኮማትሮ እግራቸውን አደረቀው።

የምጥ መበርታት ግን ሁልጊዜ ደኅንነት አይደለም። ያለ ዕድሜዋ ተድራ ዳሌዋ ሳይሰፋ ያረገዘች ልጅ ጡንቻዋ ለቀናት ቢገፋም ሕፃኑ አያልፍም፤ ጭንቅላቱ የሚጫነው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞትና ሽንት ያለ ማቋረጥ የሚፈስበት ቀዳዳ፣ ፊስቱላ፣ ይፈጠራል። ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የከፈቱት የፊስቱላ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2005 በባሕር ዳር ማዕከል እስኪከፍት ድረስ የደጋው ሴቶች ለዚህ ሕክምና ወደ ዋና ከተማው መጓዝ ነበረባቸው።

እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያሠለጠናቸው የጤና መኮንኖችና ነርሶች፣ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወሊድን ቀስ በቀስ ከቤት ወደ ጤና ጣቢያ አመጡት። በዚያም ሕፃኑ በተወለደ በደቂቃ ውስጥ አዋላጅ ነርሷ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን በጡንቻ ትወጋለች፤ መድኃኒቱ ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ስላለበት ማቀዝቀዣና መብራት ይፈልጋል። ለወላድ የሚገነፋው ገንፎ በሌለበት አንወልድም ያሉ እናቶችን ለመሳብም አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ገንፎውን በግቢያቸው ማስገንፋት ጀምረዋል።