የመስክ ሆስፒታል (በሰላም ማስከበር ተልዕኮ)

ሰላም አስከባሪ ጦር በተሰማራበት አገር የሚቋቋም ጊዜያዊ የሕክምና ተቋም። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አሠራር ደረጃ 1 ከሻለቃው ጋር የሚኖር ክሊኒክ ነው፤ ቀዶ ሕክምና የሚጀምረው ከደረጃ 2 ነው፤ ደረጃ 3 ደግሞ 50 ያህል አልጋ አለው። ቁስለኛ በ10 ደቂቃ የመጀመሪያ እርዳታ፣ በ1 ሰዓት የላቀ የድንገተኛ ሕክምና፣ በ2 ሰዓት ቀዶ ሕክምና እንዲያገኝ ይጠበቃል። መንገድ በሌለበት ይህን የሚወስነው ሄሊኮፕተር ነው።

የሥራውን ክብደት ከመመሪያው ይልቅ ሩዋንዳ በደንብ ታሳያለች። የአውስትራሊያ የሕክምና ጦር እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1994 ኪጋሊ ገብቶ በማዕከላዊው ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። የተመደበው ሰላም አስከባሪዎችን ለማከም ሲሆን፣ ሲቪሎችን የሚረዳው በተረፈው አቅም ብቻ ነበር። ሆኖም አልጋዎቹን በብዛት የያዙት ሩዋንዳውያን ሆኑ፤ ፈንጂ እግራቸውን የቆረጠባቸው ሕፃናት ጭምር። ሐኪሞቹ በራቸውን አለመዝጋታቸው ትክክል ነበር።

ሚያዝያ 22 ቀን 1995 (እ.ኤ.አ.) የሩዋንዳ ጦር በኪቤሆ የተፈናቃዮች መጠለያ ላይ ተኩስ ከፈተ። በስፍራው የነበሩት 32 አውስትራሊያውያን ግዳጃቸው ጣልቃ ገብተው እንዲዋጉ ስለማይፈቅድላቸው፣ ጥይት እየዘነበ ቁስለኞችን እያነሡ ማከሙን ቀጠሉ። ከመካከላቸው አራቱ በኋላ የጀግንነት ሜዳልያ ተሸልመዋል።