በጠመንጃ ላይ የእጅ ባትሪ የሚገጠምበትን ቦታ ስለ መምረጥ

በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የጦር መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ ያለው ሰው፣ ለምሳሌ የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ፣ በጠመንጃው ላይ ባትሪ ከማስገጠሙ በፊት ጉዳዩን ፈቃድ ከሰጠው አካል ጠይቆ መረዳት ይኖርበታል።

ከቦታው ምርጫ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። ባትሪው በጠመንጃ ላይ ሲገጠም ብርሃኑ ወደሚያርፍበት ሁሉ አፈሙዙም ይዞራል። ኮሽታ ሰምቶ የወጣ ጠባቂ ግቢውን በዚህ ባትሪ የሚፈትሽ ከሆነ፣ በጨለማ የቆመው የቤቱ ልጅ ወይም ተረኛ ባልደረባው ማንነቱ ሳይታወቅ መሣሪያ ተደገነበት ማለት ነው። ስለሆነም ለፍተሻ፣ መታወቂያ ለማየትም ሆነ መንገድ ለማብራት የሚያገለግል ሌላ ባትሪ በእጅ መያዝ ያስፈልጋል። በመሣሪያው ላይ ያለው ይህን አይተካም።

ቦታውን በዋናነት የሚወስኑት የእጅ አያያዝና ጥላ ናቸው። ማብሪያው ጠመንጃውን ከፊት የሚደግፈው እጅ አያያዙን ሳይለቅ በአውራ ጣት የሚደርስበት ሊሆን ይገባል። ምላጭ የሚስበው እጅ ባትሪ የማብራት ሥራ ፈጽሞ ሊሰጠው አይገባም። በዚህ ምክንያት በቀኙ ለሚተኩስ ሰው የግራው ጎን፣ ለግራኝ ደግሞ የቀኙ ጎን ብዙ ጊዜ ይመቻል። ሆኖም በጎን የተገጠመ ባትሪ አፈሙዙ በተቃራኒው ወገን ጥላ እንዲጥል ያደርጋል፤ በግድግዳ ጥግ የቆመ ሰው በዚያ ጥላ ሊሰወር ይችላል። ከሥር ሲገጠም ጥላው ወደ ላይ ስለሚወድቅ ብዙም አያውክም፤ ነገር ግን መሣሪያው መሬት ላይ ወይም በአሸዋ ከረጢት ላይ ሲደገፍ ባትሪው ይጋጫል። ከላይ መግጠም የሚቻለው ማነጣጠሪያውን እስካልከለለ ድረስ ነው።

ባትሪው ወደ ኋላ በቀረ መጠን ጥላው ይሰፋል። ወደ አፈሙዙ ጫፍ ሲጠጋ ደግሞ የባሩድ ጥቀርሻ መስታወቱን ያጠቁረዋል፣ የፊት ክብደቱም ይጨምራል።

የእንጨት መያዣ ያላቸው የቀድሞዎቹ ክላሽንኮቮች ለባትሪ የተዘጋጀ ማሰሪያ ሐዲድ የላቸውም። ባትሪን በፕላስተር ወይም በላስቲክ ማሰር የተለመደ ቢሆንም፣ በተኩስ ርግጫ ስለሚላላ አይመከርም። በቀጥታ አፈሙዙ ላይ ማጥበቅም ችግር አለው፤ አፈሙዙ ሲተኮስበት ይግላል፣ የታሰረበት ክብደትም ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ ሊያዛባ ይችላል። መያዣውን መብሳት ወይም መቁረጥ ለባለሙያ የሚተው ሥራ ነው።

ገጠማው የሚከናወነው ካዝናው ወጥቶ፣ የጎረሰ ጥይት አለመኖሩ በዓይንም በጣትም ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ማንገቻው ማብሪያውን እንዳይጫን፣ ብሎኖቹም እንዳይላሉ ተረኛው ሥራ በጀመረ ቁጥር ያያል። ብርሃኑ በድንገት የሚበራ ባትሪ ጠባቂው ያለበትን ቦታ ከሩቅ ያሳያል።